መድን ለመነጽር ወይስ ለዓይን?

ነጋዴ ዓይን እንዳለው የሚያስታውሰው ሚዛን ማንበብ ሲያቅተው ነው፡፡ ዕድሜ ወደ 40 ሲጠጋ የደረሰኙ ቁጥር ይደበዝዛል፤ ወረቀቱን ከፊቱ ያርቃል፤ ክንዱ አልበቃ ሲለው ከሱቅ በደረቴ አንድ የማንበቢያ መነጽር ይገዛና ጉዳዩ አለቀ ይላል፡፡ አሜሪካ ልጅ ወይም ወንድም ያለው እንደሆነ ግን አንድ ወሬ ይደርሰዋል፡፡ እዚያ ሠራተኛው በየወሩ ከደመወዙ ጥቂት ዶላር እየተቆረጠበት "የዓይን ኢንሹራንስ" ይገባል፤ ምርመራውም መነጽሩም በዚያ ይሸፈናል፡፡ ታዲያ ይህ ነገር ለእኛስ ያዋጣል ወይ? ጥያቄው ሠራተኞቹን የሕክምና ዋስትና ሊያስገባ የሚያስብ የድርጅት ባለቤትም የሚያነሣው ነው፡፡

ይህ ጸሐፊ አቋሙን ከመነሻው ይናገራል፡፡ ለመነጽር ብሎ መድን መግዛት አያዋጣም፡፡ ለዓይን መድን ሳይገቡ መቅረት ግን ኪሳራ ነው፡፡ ሁለቱ አንድ ዓይነት ነገር ይመስላሉ እንጂ አይደሉም፤ ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነውም ሆነ ሳይዘጋጅ የሚያዘው ሁለቱን አንድ እያደረገ ነው፡፡

ነገሩን ለማየት ሐይቅን የመሰለ ቦታ የለም፡፡ ሐይቅ ከተማ ከደሴ በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ በወልድያ መንገድ ላይ ትገኛለች፡፡ ሰው የሚያውቃት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምና በቆሮሶ ዓሣዋ ነው፡፡ የመድን ነገር የሚያነሣ ሰው ግን በሌላም ሊያውቃት ይገባል፡፡ ከተማዋ የተሁለደሬ ወረዳ መቀመጫ ናት፤ ተሁለደሬ ደግሞ መንግሥት የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድንን በ2003 ዓ.ም. ለሙከራ ሲጀምር ከመረጣቸው 13 ወረዳዎች አንዱ ነበር፡፡ ከአማራ ክልል ፎገራና ደቡብ አቸፈር አብረውት ተመረጡ፤ የቀሩት ከትግራይ፣ ከኦሮሚያና ከያኔው የደቡብ ክልል ነበሩ፡፡ ስለዚህ "ለሕክምና አስቀድሞ መክፈል ያዋጣል ወይ?" የሚለው ጥያቄ ለሐይቅ ሰው አዲስ አይደለም፡፡ አዲስ አበባ ስለ ጤና መድን ገና ስብሰባ ስትቀመጥ የተሁለደሬ ገበሬና ቸርቻሪ መታወቂያ ደብተሩን ይዞ ጤና ጣቢያ ተሰልፏል፡፡

ገዳሙም ቢሆን ከዓይን ጉዳይ ሩቅ አይደለም፡፡ አባ ኢየሱስ ሞአ በ13ኛው መቶ ዘመን የመሠረቱት ትምህርት ቤት መጽሐፍ የሚገለበጥበት ቦታ ነበር፡፡ በስማቸው የሚጠራው አራቱ ወንጌል፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ወደ 1280 ገደማ የተጻፈ፣ እስከ ዛሬ ይነገርለታል፡፡ የሚገርመው መነጽር በኢጣሊያ አገር ለመጀመሪያ ጊዜ ተሠራ የሚባለውም በዚያው አሥር ዓመት፣ በ1286 ገደማ መሆኑ ነው፡፡ የሐይቁ ጸሐፊ ግን መነጽር አላየም፡፡ 45 ዓመት የሞላው ቁም ጸሐፊ እጁ ገና ብርቱ፣ ዕውቀቱ ሙሉ ሆኖ ሳለ ዓይኑ ብቻ ከሥራ ያስወጣዋል፡፡ ዛሬ በአንዲት ርካሽ መነጽር የሚፈታ ችግር ያኔ የአንድ ባለሙያ የሥራ ዘመን ማብቂያ ነበር፡፡ ይህን ያነሣነው ለታሪክ ብለን ብቻ አይደለም፤ የመነጽርን ዋጋና የዓይንን ዋጋ ለይቶ ለማየት ይረዳልና ነው፡፡

መነጽር የታወቀ ወጪ ነው

መድን የሚገዛው ይድረስ አይድረስ ለማይታወቅ፣ ከደረሰ ግን ባለቤቱን ለሚጥል ጉዳት ነው፡፡ መጋዘን ይቃጠል አይቃጠል አይታወቅም፡፡ አይሱዙ ይገልበጥ አይገልበጥ አይታወቅም፡፡ ከመቶ ነጋዴ አንዱ ላይ ቢደርስ፣ የመቶው አረቦን የአንዱን ጉዳት ይሸከማል፡፡ የመድን ጥበብ ይህ ነው፡፡

የቅርብ መነጽር ግን እንዲህ አይደለም፡፡ የዓይናችን ሌንስ ከዕድሜ ጋር መለጠጡን ስለሚያጣ፣ 40 ያለፈው ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ቅርቡን ለማየት ይቸገራል፡፡ ሁሉም ላይ በሚደርስ ነገር ማን ማንን ይሸከማል? በምሳሌ እንየው፡፡ አሥር ነጋዴዎች አሉ እንበል፡፡ እያንዳንዳቸው በሁለት ዓመት አንድ የ2 ሺህ ብር መነጽር ያስፈልጋቸዋል፡፡ ድምሩ 20 ሺህ ብር ነው፡፡ ይህን የሚከፍል ኩባንያ የጸሐፊውን ደመወዝ፣ የቢሮውን ኪራይ፣ የደላላውን ኮሚሽንና የራሱን ትርፍ መጨመር አለበትና 26 ሺህ ብር ይሰበስባል እንበል፡፡ እያንዳንዱ ነጋዴ ለ2 ሺህ ብር መነጽር 2 ሺህ 600 ብር ከፈለ ማለት ነው፡፡ አሥሩ ዕቁብ ቢጥሉ ግን 6 ሺህ ብሩ በኪሳቸው ይቀር ነበር፡፡ አሃዙ የእኛ ምሳሌ ነው፤ ስሌቱ ግን አረቦኑ ቢወርድም ቢወጣም አይለወጥም፡፡

"አሜሪካኖቹ ይህን ሳያውቁ ቀርተው ነው?" የሚል አይጠፋም፡፡ አውቀው ነው፡፡ በዚያ አገር በዚህ ሥራ ስሙ የገነነው ቪኤስፒ የሚባለው ድርጅት በ1955 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያ የተቋቋመው በራሳቸው በዓይን መርማሪዎቹ ነው፡፡ ደንበኛ በቋሚነት እንዲመጣላቸው የቅድሚያ ክፍያ ዘዴ አበጁ ማለት ይቻላል፡፡ የተለመደው ውል በዓመት አንድ ምርመራና ለፍሬም እስከተወሰነ ጣሪያ የሚደርስ ክፍያ ነው፤ ከጣሪያው በላይ ያለውን ባለቤቱ ይጨምራል፡፡ ጥቅሙ ያለው በሁለት ነገር ነው፡፡ አንደኛ፣ አሠሪው ከአረቦኑ ከፊሉን ይከፍላል፤ ከደመወዙ የሚቆረጠውም ብዙውን ጊዜ ከግብር በፊት ነው፡፡ ሁለተኛ፣ እዚያ የመነጽር ዋጋ እጅግ ውድ ስለሆነ በጅምላ የተደራደረ ድርጅት ቅናሽ ያገኛል፡፡ የእኛ ነጋዴ ደግሞ ለዋጋ ድርድር ወኪል የሚያስፈልገው አይመስለንም፡፡

ዋናው ነገር ግን እዚህ ላይ ነው፡፡ ያው የአሜሪካ "የዓይን ኢንሹራንስ" የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምናን አይከፍልም፡፡ ሞራ፣ ግላኮማ፣ የሬቲና መቀደድ፣ አደጋ፣ ይህ ሁሉ የሚሄደው ወደ ዋናው የጤና መድን ነው፡፡ ለአረጋውያን ያለው የመንግሥት መድን፣ ሜዲኬር የሚባለው፣ በመደበኛው ሽፋኑ ለተራ መነጽር አይከፍልም፤ የሞራ ቀዶ ሕክምና ለተደረገለት ሰው ግን አንድ መነጽር ይከፍላል፡፡ ዋሽንግተን ያለው ዘመዳችን "ዓይኔ ኢንሹራንስ አለው" ሲል፣ ትክክለኛ ትርጉሙ "መነጽሬ ኢንሹራንስ አለው" ማለት ነው፡፡

እንግሊዞችም በዚሁ ጉዳይ ተፈትነዋል፡፡ በ1948 እ.ኤ.አ. የጤና አገልግሎታቸውን ለሁሉም በነፃ ሲከፍቱ መነጽርንም አስገቡ፡፡ ሕዝቡ ጎረፈ፤ በጀቱ አልቻለውም፡፡ በ1951 እ.ኤ.አ. የገንዘብ ሚኒስትሩ ጌትስኬል በመነጽርና በሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ ክፍያ ሲጥሉ፣ አገልግሎቱን የመሠረቱት ሚኒስትር ቤቫን ሥልጣናቸውን ለቀቁ፡፡ የአንድ መንግሥት ካቢኔ በመነጽር ዋጋ ተሰነጠቀ ማለት ነው፡፡

የእኛ ሕግ አውጪዎች ይህን ታሪክ አንብበውት ይሁን አይሁን መጨረሻው አንድ ሆኗል፡፡ የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ወጣ፤ ማስፈጸሚያ ደንቡ ቁጥር 271/2005 ተከተለ፡፡ ደንቡ መድኑ የማይሸፍናቸውን ሲዘረዝር መነጽርና ሰው ሠራሽ ጥርስ አሉበት፡፡ ይህ ደመወዝተኛውን የሚመለከተው መድን፣ ሠራተኛው ከደመወዙ 3 በመቶ አሠሪውም 3 በመቶ እንዲያዋጡ የደነገገው፣ ከወጣ በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲዘገይ መቆየቱ ይታወቃል፡፡ ተሁለደሬ የጀመረችው የማኅበረሰብ አቀፉ መድንም መነጽርንና ሰው ሠራሽ ጥርስን ከጥቅሉ ውጭ አድርጓል፡፡

በዚህ የሚያማርሩ አሉ፡፡ እኛ ግን በመርህ ደረጃ ከመድኑ ጎን እንቆማለን፡፡ ከገበሬ በሚሰበሰብ መዋጮ የከተማ ነጋዴ ፍሬም መግዣ መሆን የለበትም፡፡ ነገር ግን ክልከላው ያለ ልዩነት መሆኑ ትክክል አይደለም፡፡ ሰሌዳ ማየት ያልቻለ ተማሪና ሞራው ተነሥቶለት ያለ መነጽር ሥራ የማይሠራ ሸማኔ፣ መነጽሩ ለእነርሱ ጌጥ ሳይሆን የሕክምናው ክፍል ነው፡፡ ቢያንስ እነዚህ ሁለቱ ሊለዩ ይገባል፡፡

ዓይን ግን የማይታወቅ ጉዳት ነው

በ1998 ዓ.ም. በመላ አገሪቱ የተደረገው የዓይነ ስውርነት ጥናት ከመቶ ኢትዮጵያዊ 1.6 የሚሆነው ዓይነ ስውር፣ 3.7 የሚሆነው ደግሞ ዕይታው የደከመ መሆኑን አሳይቷል፡፡ ከዓይነ ስውርነቱ ግማሹን፣ 49.9 በመቶውን፣ ያመጣው የዓይን ሞራ ነው፡፡ ትራኮማ ያስከተለው ጠባሳ 11.5 በመቶውን ይይዛል፡፡ መነጽር ብቻ የሚፈታው ችግር ደግሞ ከዓይነ ስውርነቱ 7.8 በመቶ፣ ከደከመው ዕይታ ግን 33.4 በመቶ ነው፡፡ ቁጥሩ ዓመታት ያለፉት ቢሆንም የነገሩን ቅርጽ ያሳያል፡፡ ሰውን በመነጽር ዕጦት ሥራ የሚያዳክመው ብዙ ነው፤ ጨርሶ የሚያጨልመው ግን በቀዶ ሕክምና የሚነሣው ሞራ ነው፡፡

የትራኮማውን ነገር እዚህ አንገባበትም፡፡ መድኃኒቱ በአማራ ክልል በዘመቻ በነፃ ሲታደል የኖረ ስለሆነ ከአረቦን ሒሳብ ውጭ ነው፡፡

ሞራ ለነጋዴ ምን ማለት እንደሆነ እናስላ፡፡ ቀዶ ሕክምናው ራሱ አጭር ነው፤ የደፈረሰው ሌንስ ይወጣና ሰው ሠራሽ ሌንስ ይተካል፤ ብዙው ሰው በማግሥቱ ቤቱ ነው፡፡ ወጪው ያለው ከዚያ በፊትና በኋላ ነው፡፡ ምርመራው፣ ትራንስፖርቱ፣ የአስታማሚው ቀለብ፣ ሱቁ የተዘጋበት የገበያ ቀን፣ ጠብታው፣ ሁሉ ይደመራል፡፡ ከሁሉ የሚከፋው ግን መዘግየቱ ነው፡፡ ገንዘብ የለኝም ብሎ፣ ወይም መኸር ይለፍ ብሎ ሁለት ዓመት የቆየ ሰው፣ በእነዚያ ሁለት ዓመታት ሚዛኑን ሌላ ሰው ያነብለታል፤ ማሾውንና ጤፉን ሌላ ሰው ያይለታል፡፡ ደላላ ከሆነማ የሚሸጠው ዓይኑን ነው፤ እህል አፍሶ ደረጃውን መናገር ካልቻለ ስልኩ መጥራት ያቆማል፡፡ ዛሬ ደግሞ ሒሳብ በሞባይል ሆኗል፤ በቴሌብር አንድ ዜሮ ያሳሳተ ሰው ገንዘቡን ለመመለስ የሚያየውን ፍዳ የደረሰበት ያውቀዋል፡፡

የሐይቅ ሰው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው ማለት ይቻላል፡፡ በዓይን ሕክምናው የታወቀው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ከደሴ ወደ ሐይቅ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው፡፡ አንባቢ ቦሩ ሜዳን የሚያውቀው በአፄ ዮሐንስ ዘመን በተደረገው ጉባኤ ይሆናል፤ ለወሎ ሕመምተኛ ግን ቦሩ ሜዳ ማለት ዓይን ማለት ነው፡፡ የጤና መድን አባል ከጤና ጣቢያው ወረቀት አጽፎ በየደረጃው ወደ መንግሥት ሆስፒታል ይላካል፤ ለሕክምናውም በየጊዜው ከኪሱ አይጠየቅም፡፡ መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ ነው፤ የሚመዘገበውም ቤተሰቡ በሙሉ ነው፡፡ በሙከራው ዘመን የፌዴራሉ መንግሥት ከመዋጮው ላይ 25 በመቶ ድጎማ ይጨምር ነበር፤ የድሀ ድሀውን ደግሞ ክልልና ወረዳ ይከፍሉለት ነበር፡፡

እዚህ ላይ ነጋዴው አፍንጫውን ይነፋል፡፡ "ይህ የገበሬ መድን ነው፤ እኔ በግል እታከማለሁ" ይላል፡፡ ሐሳቡን እንመርምረው፡፡ ለጉንፋንና ለጨጓራ በግል መታከም ይቻላል፡፡ ነገር ግን የእናቱ ሁለት ዓይን፣ የሚስቱ ስኳር፣ የራሱ የዓይን ግፊት በአንድ ዓመት ቢመጣበት፣ ዕቃ የሚያመጣበትን ገንዘብ መንካቱ የማይቀር ነው፡፡ በሌላ በኩል መዋጮው እንደ ግል ኩባንያ አረቦን አይደለም፡፡ አንድ የግል ኩባንያ 70 ዓመት የሞላቸውን እናት ሳይመረምር፣ የቆየ ሕመም ሳይጠይቅ በዚህ ዋጋ ሊያስገባ አይችልም፡፡ በንግድ ዓይን ካየነው በገበያ ላይ ያለ ርካሹ ውል ይህ ነው፡፡ ገበሬው ያወቀውን ነጋዴው ሳያውቅ መቅረቱ ይገርማል፡፡

ጉድለቱንም እንናገር፡፡ መድኑ የሚሠራው በመንግሥት ተቋም ነው፡፡ ወረፋው ረዥም ነው፡፡ መድኃኒት "የለም" ይባላል፡፡ አዲስ አበባ ሄዶ በግል ክሊኒክ የተሠራ ሰው ደረሰኙን ይዞ ሐይቅ ቢመጣ ገንዘቡ ይመለስልኛል ብሎ ተስፋ ማድረግ የለበትም፡፡ በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ ወሎ ሲገባና ደሴ ስትያዝ የደሴን ሆስፒታል ጨምሮ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፡፡ ያኔ የመድን ደብተር የያዘውም ያልያዘውም እኩል ሆኖ ቆሟል፤ የመድን ደብተር ሐኪምንና መሣሪያን አይተካምና፡፡ ገንዘብ የሚከፍል መድንና አገልግሎት የሚሰጥ መድን የሚለያዩት በዚህ ነው፡፡ ስለዚህ ብልህ ነጋዴ መድኑን ይገባል፤ ለሚጎድለውም የራሱን መጠባበቂያ ይይዛል፡፡

አንድ ጥያቄም አለን፡፡ ለሞራ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው ሠራሽ ሌንስ ከሆስፒታሉ ቢያልቅና ሕመምተኛው ከውጭ ግዛ ቢባል፣ ማን ይከፍላል? መነጽር ተከልክሏል ሲባል ዓይን ውስጥ የሚገባው ሌንስም "መነጽር" ተብሎ እንዳይቆጠር መጠንቀቅ ነው፡፡ እያንዳንዱ አባል ይህን የወረዳውን የመድን ጽሕፈት ቤት አስቀድሞ ቢጠይቅ አይጎዳም፡፡ ከቀዶ ሕክምና አልጋ ላይ ሆኖ የሚጠየቅ ጥያቄ አይደለም፡፡

አሁን ወደ ድርጅት ባለቤቱ እንመለስ፡፡ የግል መድን ድርጅቶች በአዋጅ ቁጥር 86/1986 ከተፈቀዱ ወዲህ የቡድን ሕክምና ዋስትና የአዲስ አበባ ድርጅቶች የሠራተኛ ማቆያ አንዱ ዘዴ ሆኗል፡፡ በእነዚህ ውሎች ላይ መነጽርና ጥርስ ወይ ተለይተው ይወጣሉ፤ ወይ በትንሽ ጣሪያ፣ በተጨማሪ አረቦን ይገባሉ፡፡ ሻጩ በራሪ ወረቀት ላይ መነጽሩን በደማቁ ይጽፈዋል፤ ሠራተኛ የሚወደው እርሱን ነዋ! ባለቤቱ ግን ሌላውን ገጽ ይመልከት፡፡ የዓይን ቀዶ ሕክምና ጣሪያው ስንት ነው? ስኳር ያለበት ሠራተኛ ዓይኑ ቢደማ "የቆየ ሕመም" ተብሎ ይመለሳል ወይ? ብረት ሲበይድ ዓይኑ የተጎዳ ሠራተኛ የሚከፈለው ከሕክምናው ውል ነው ወይስ ከሥራ አደጋ ዋስትናው? እነዚህ ካልተመለሱ የፍሬሙ ገንዘብ ከረሜላ ነው፡፡ ለመነጽር የተጠየቀውን ተጨማሪ አረቦን ትቶ በዚያው ብር የቀዶ ሕክምናውን ጣሪያ ከፍ ማስደረግ የተሻለ ግዢ ነው ባዮች ነን፡፡

መነጽሩንስ ማን ይግዛ? ባለቤቱ ራሱ፣ በጥሬ ገንዘብ፡፡ ይህን የምንለው ለደግነት አይደለም፡፡ በሕንድ አሳም በሻይ ለቃሚዎች ላይ ተደርጎ በ2018 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት፣ የቅርብ መነጽር የተሰጣቸው ሠራተኞች ካልተሰጣቸው በ21.7 በመቶ የበለጠ ለቅመዋል፡፡ የመነጽሩ ወጪ 10 ዶላር ገደማ ነበር፡፡ በባንግላዴሽ የተደረገውና በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመው ደግሞ የቅርብ መነጽር ያገኙ ሰዎች ወርኃዊ ገቢ በ8 ወር ውስጥ በ33.4 በመቶ ማደጉን አሳይቷል፡፡ እነዚህ ማንበብ የማይችሉ ሰዎች ጭምር ናቸው፤ እህል የሚለቅሙ፣ መርፌ የሚያስገቡ፡፡ ሰሊጥ የምታስለቅም፣ ጥልፍ የምታሠራ፣ ዓሣ መረብ የምታስጠግን ባለሀብት ሁሉ ይህን ስሌት ብታየው መልካም ነው፡፡ በጥቂት ሳምንት የሚመለስ ወጪ የመድን ጉዳይ አይደለም፤ እንደ ማንኛውም የሥራ መሣሪያ ይገዛል፡፡

ስለ ሾፌሩም አንድ ነገር እንበል፣ ምናልባት ከሁሉ የሚበልጠው ይህ ነውና፡፡ በደሴ፣ በኮምቦልቻና በወልድያ መንገድ የሚመላለሰው አይሱዙ ሙሉ ዋስትና አለው፡፡ የሦስተኛ ወገን ዋስትና በአዋጅ ቁጥር 559/2000፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ሆኗል፡፡ ባለቤቱ ለመኪናው በየዓመቱ አረቦን ይከፍላል፤ ኢንሹራንሱም የመኪናውን ዕድሜ ይጠይቃል፡፡ መንጃ ፈቃድ ካወጣ 20 ዓመት የሞላው ሾፌር በማታ የመብራት ነጸብራቅ ውስጥ ምን ያህል እንደሚያይ የሚጠይቀው ግን የለም፡፡ ሞራ መጀመሪያ የሚያስቸግረው በማታ ነው፤ የፊት ለፊት መብራት ይበተንበታል፡፡ ሾፌሩ ደግሞ እንጀራው ነውና አይናገርም፡፡ የሐረጎ ጭጋግ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም፡፡ አንድ የዓይን ምርመራ ከአንድ ጎማ እጅግ ይረክሳል፡፡

ይህ ወደ ምርመራው ያመጣናል፡፡ ሁለቱም የመድን ዓይነቶች ዝም የሚሉበት ቦታ እዚህ ነው፡፡ ደንብ ቁጥር 271/2005 ሳይታመሙ የሚደረግን ምርመራ አይሸፍንም፡፡ ግላኮማ ግን ሳያምም የሚሰርቅ በሽታ ነው፤ ዳር ዳሩን ይበላና መሐሉን ሲነካ ነው ሰውየው የሚባንነው፤ የጠፋውም አይመለስም፡፡ ስኳርም እንዲሁ ሬቲናን በዝምታ ያበላሻል፡፡ ስለዚህ 40 የሞላው ሰው፣ ይልቁንም በቤተሰቡ ግላኮማ ያለበትና ስኳር ያለበት፣ ለመነጽር ኢንሹራንስ ሊከፍል ያሰበውን ብር ወደ ዓይን ሐኪም ይዞ ቢሄድ ይበጀዋል፡፡ ከሱቅ በደረቴ መነጽር የሚገዛው ሰው የሚያጣው ይህንን ነው፡፡ መነጽሩ ለንባብ ላይጎዳው ይችላል፤ ግን ማንም የዓይኑን ግፊት አልለካለትም፡፡

ይህን ወጪ ብቻውን መሸከም የማይፈልግ ነጋዴ መላ አያጣም፡፡ የዕድር ሣጥን ሰው እስኪሞት የሚጠብቅበት ምክንያት አይገባንም፤ አባላቱ ከተስማሙ ለዓመት አንድ ጊዜ ምርመራ የሚሆን ጥቂት ብር በአባል መያዝ ይችላል፡፡ የደሴና የሐይቅ ነጋዴዎች ማኅበሮቻቸውን አስተባብረው፣ በአንድ የገበያ ቀን ከቦሩ ሜዳ የዓይን ባለሙያዎችን ቢጋብዙና የሰሌዳና የግፊት መለኪያ ይዘው ቢመጡላቸው፣ ለአንድ ሰው የሚደርሰው ወጪ ከአንድ ምሳ አይበልጥም ብለን እንገምታለን፡፡ ሞራ የተገኘበት በመድን ደብተሩ በጤና ጣቢያ በኩል ይላካል፤ መነጽር ያስፈለገው በራሱ ብር ይገዛል፡፡ ደብተር የሌለው ደግሞ ያኔ ቢሮጥ አይደርስም፤ ምዝገባና እድሳት የራሱ ወቅት አለው፡፡

ቀኑ ሲቆረጥ ግን መጀመሪያ የሚሰለፉት ሾፌሮቹ ይሁኑ፡፡